ታሪካዊ የባሕር መብራት ማማንና በዙሪያው ያለውን መናፈሻ እንዴት መጎብኘት ይቻላል?

የመብራት ማማ መርከቦችን ለመምራት በሌሊትና ከሩቅ እንዲታይ የተሠራ ሕንፃ ሆኖ ሳለ፣ አብዛኛው ጎብኚ የሚያየው በጠራራ ፀሐይና ከሥሩ ቆሞ ነው። ረፋዱ ላይ ይደርሳል፣ ደረጃውን ይወጣል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ ሰዓት ሳይሞላም ይመለሳል። ይህ መመሪያ የጉብኝቱን ቅደም ተከተል ይለውጠዋል። ከቀትር በኋላ ደርሶ መጀመሪያ ባሕሩንና ግቢውን ማየት፣ ቀጥሎ ማማውን መውጣት፣ በመጨረሻም መብራቱ እስኪበራ ድረስ መቆየት ነው የሚመከረው። በዚህ መልክ የሄደ ሰው ማማው ለምን እዚያ እንደ ቆመ፣ ማን እንደ ሠራበትና ምን ይሠራ እንደ ነበረ በየተራው ይረዳል።

1. ከመነሣት በፊት የሚረጋገጡ ነገሮች

መናፈሻው ክፍት ነው ማለት ማማው ክፍት ነው ማለት አይደለም። ጨው ያዘለ ነፋስ ብረትንና ግንብን ያለ ማቋረጥ ስለሚበላ፣ ታሪካዊ ማማዎች ለጥገና ለዓመታት ተዘግተው ሊቆዩ ይችላሉ። በካሊፎርኒያ የሚገኘው የፒጅን ፖይንት ማማ እ.ኤ.አ. በ1872 ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ በ2001 ከአናቱ የግንብ ስብርባሪ በመውደቁ ለጎብኚዎች ተዘግቷል፤ መናፈሻው ግን ሰው መቀበሉን ቀጥሏል። ስለዚህ ወደ መናፈሻው አስተዳደር ስልክ ሲደውሉ ወይም ድረ ገጹን ሲመለከቱ ሦስት ጥያቄዎችን ለየብቻ ያቅርቡ፦ ግቢው እስከ ስንት ሰዓት ክፍት ነው? ማማውን መውጣት ይፈቀዳል? የመብራቱን ብርሃን ሰብስቦ ወደ ባሕሩ የሚልከው ጥንታዊው ሌንስ አናቱ ላይ ነው ወይስ ወርዶ በሌላ ቤት ውስጥ ይታያል? ከሦስቱ ሦስተኛውን ብዙ ሰው አይጠይቅም፤ የጉብኝቱን ዋጋ ከምንም በላይ የሚወስነው ግን እርሱ ነው። የፒጅን ፖይንት ሌንስ በ2011 ከማማው ወርዶ በግቢው ባለው የጉም ማስጠንቀቂያ ቤት ለእይታ በመቅረቡ፣ ደረጃውን መውጣት ያልቻለ ጎብኚም በቅርብ ሊያየው ችሏል።

ቀጥሎ የሚታየው የባሕሩ ሰዓት ነው። በብዙ ዳርቻዎች ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜም ይሸሻል፤ ከሙላት እስከ ሽሽት ያለው ጊዜ ስድስት ሰዓት ከሩብ ገደማ ሲሆን፣ ሰዓቱ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። በመሆኑም ባለፈው ሳምንት የሄደ ወዳጅ የነገረዎት ሰዓት ለዚህ ሳምንት አይሠራም። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ በሙላትና በሽሽት መካከል ያለው ልዩነት ከሌላው ጊዜ የበለጠ ይሰፋል፤ ባሕሩ ርቆ የሚሸሸውም ሆነ ከፍ ብሎ የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። አንዳንድ ማማ ጨርሶ የሚደረሰው ባሕሩ በሸሸበት ሰዓት ብቻ ነው። በፈረንሳይ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ በዢሮንድ ወንዝ መግቢያ ላይ በባሕር መካከል የቆመው ኮርዱዋን በ1611 የተጠናቀቀና በ2021 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ማማ ነው፤ ጎብኚዎች ወደ እርሱ በጀልባ የሚሄዱት የባሕሩን ሽሽት ጠብቀው ነው፤ የጉዞውንም ሰዓት የሚወስነው ባሕሩ ነው። እንዲህ ላለው ቦታ ቲኬት ሲቆርጡ የመመለሻውን ሰዓት ጭምር ይያዙ።

ከልጆች ጋር የሚሄድ ሰው የቁመት ገደብ መኖሩን አስቀድሞ ይጠይቅ። በሰሜን ካሮላይና የሚገኘው የኬፕ ሃተራስ ማማ ደንብ፣ ለምሳሌ፣ ቁመታቸው ከ107 ሴንቲ ሜትር ገደማ በታች የሆኑ ልጆች እንዲወጡ አይፈቅድም፤ ሕፃን አዝሎ ወይም ተሸክሞ መውጣትም ክልክል ነው። ደጃፉ ላይ ደርሶ ልጅን ማስለቀስ ከባድ ስለሆነ ቤት ሳሉ ማጣራቱ ይሻላል። ልብና ጉልበት የሚያማቸው፣ ከፍታ የሚያዞራቸው ሰዎችም የደረጃውን ቁጥር ጠይቀው ይወስኑ፤ ኬፕ ሃተራስ 257፣ ኮርዱዋን ደግሞ 301 ደረጃ አላቸው።

2. የሚያዝ ነገር

ሶሉ የማያንሸራትት፣ ተረከዙ ዝቅ ያለ ጫማ ያድርጉ። የብዙ ማማዎች ደረጃ ቀዳዳ ባለው የብረት ርብራብ የተሠራ በመሆኑ ቀጭን ተረከዝ ይሰነቀርበታል። ለነፋስ የሚሆን ጃኬት በሞቃት ቀንም ቢሆን አይቅር፤ ከታች ቅጠል በማይነቀንቅ ቀን ከላይ ሰገነቱ ላይ ኮፍያ የሚነጥቅ ነፋስ ሊኖር ይችላል። የሩቅ ማያ መነጽር፣ ውኃ፣ ለመመለሻ የእጅ ባትሪ እና ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት ይያዙ፤ የሰዓቱ ጥቅም ምሽት ላይ ይታያል። ትልቅ የጀርባ ቦርሳ መኪና ውስጥ ይቅር፤ በጠባብ ደረጃ ላይ የሚወርደውን ሰው ያስቸግራል። ድሮን ማስነሣት በብዙ መናፈሻዎች የተከለከለ ስለሆነ ሳይጠይቁ ይዘው አይሂዱ።

3. መጀመሪያ ወደ ባሕሩ

ከመኪና እንደ ወረዱ በቀጥታ ወደ ማማው አይሂዱ። ባሕሩ ወደሚታይበት መንገድ ይሂዱና ጀርባዎን ለማማው ሰጥተው ውኃውን ይመልከቱ። ማማ የሚተከለው መርከብ የሚሰበርበት ነገር ባለበት ቦታ ነው፦ ውኃው ሸፍኖት አልፎ አልፎ ብቻ ነጭ አረፋ የሚያሳይ ቋጥኝ፣ ከዳርቻው ርቆ የሚሄድ የአሸዋ ደለል፣ ወይም ወደ ባሕሩ ሾልኮ የወጣ አፍንጫ መሬት። ፒጅን ፖይንት ስሙን ያገኘው በ1853 በዚያ ከተሰበረችው ካሪየር ፒጅን ከተባለች መርከብ ነው። ማዕበሉ ያለ ምክንያት የሚሰበርበትን ነጥብ በመነጽር ፈልገው ካገኙ የማማውን ምክንያት አገኙ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚነበበው የማብራሪያ ሰሌዳ ሁሉ ቦታ ቦታውን ይይዛል።

ከፍታውንም ይገምቱ። ማማው በገደል ላይ ከሆነ አጭር፣ በዝቅተኛ አሸዋ ላይ ከሆነ ረጅም የሚሆነው የሚፈለገው ከባሕር ወለል እስከ መብራቱ ያለው ጠቅላላ ከፍታ ስለሆነ ነው። ይሁን እንጂ ከፍታ ሁልጊዜ ጥቅም አይሆንም። በሳንዲያጎ ያለው አሮጌው የፖይንት ሎማ ማማ በ1855 ሲበራ ከባሕር ወለል ከ120 ሜትር በላይ በሆነ ኮረብታ ላይ ነበረ፤ ጉምና ዝቅተኛ ደመና መብራቱን እየሸፈኑ መርከበኞችን ስላስቸገሩ በ1891 ተዘግቶ ሥራው ከታች በውኃው አጠገብ ለተሠራ ሌላ ማማ ተላለፈ። ዛሬ አሮጌው ሙዚየም ነው፤ ጎብኚው ሁለቱን ቦታዎች በአንድ ቀን አይቶ ስሕተቱንና እርማቱን ማነጻጸር ይችላል።

በዳርቻው ሲጓዙ ሦስት ነገሮችን አጥብቀው ይያዙ። አንደኛ፣ በገደል ጫፍ ላይ አይቁሙ፤ ከላይ ጠንካራ የሚመስለው ሣር ከሥሩ በማዕበል ተቦርቡሮ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ እርጥብ ድንጋይ ላይ ቆመው ለባሕሩ ጀርባዎን አይስጡ፤ ትንንሽ ማዕበሎች ለብዙ ደቂቃ ከመጡ በኋላ ድንገት ትልቅ ሊከተል ይችላል፣ ድንጋዩ እርጥብ መሆኑም ውኃው እዚያ ድረስ እንደሚደርስ ይናገራል። ሦስተኛ፣ ባሕሩ ሲሸሽ በቋጥኞች መካከል የሚቀሩትን የውኃ ጉድጓዶች ለማየት ከወረዱ፣ ሽሽቱ የመጨረሻው ወሰን ላይ ከመድረሱ አንድ ሰዓት ገደማ ቀደም ብለው ይግቡና ውኃው መመለስ ሲጀምር ይውጡ። በጉድጓዶቹ ያሉትን እንስሳት አያንሡ፣ ቋጥኙንም አይገልብጡ። ወፎች እንቁላል በሚጥሉበት ወቅት የተከለለ መንገድ ካለ፣ ገመዱ ዝቅ ያለ ቢሆንም አይሻገሩ።

4. ግቢውን ማንበብ

ብዙ ጎብኚ ሳያይ የሚያልፈው በማማው ዙሪያ ያለውን ግቢ ነው፤ በእኔ ግምት ግን ከማማው እኩል ጊዜ ይገባዋል። የመብራት ጣቢያ አንድ ሕንፃ ሆኖ አያውቅም። የጠባቂዎቹ መኖሪያ፣ የነዳጅ ቤት፣ የጉም ማስጠንቀቂያ ቤት፣ የውኃ ማጠራቀሚያ፣ አንዳንዴም የጀልባ ማቆሚያ በአንድ አጥር ውስጥ ይገኛሉ።

ከነዳጅ ቤቱ ይጀምሩ። ከሌሎቹ ተነጥሎ የቆመ፣ መስኮት የሌለው ወይም በጣም ጠባብ መተንፈሻ ብቻ ያለው ትንሽ የድንጋይ፣ የጡብ ወይም የብረት ቤት ካዩ እርሱ ነው። ቀደም ባለው ዘመን መብራቱ የሚነደው በዓሣ ነባሪ ዘይት፣ በአትክልት ዘይት ወይም በአሳማ ስብ ስለ ነበረና እነዚህም በቀላሉ ስለማይቀጣጠሉ፣ ዘይቱ በማማው ሥር ይቀመጥ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላምባ ሲተካቸው ግን ከማማው ውጭ ራሱን የቻለ ማከማቻ መሥራት ግድ ሆነ። ስለዚህ ነዳጅ ቤቱ ከማማው በኋላ የተሠራ መሆኑን ከድንጋዩ ወይም ከጡቡ ልዩነት ለመለየት ይሞክሩ። የተላጠ አሮጌ ቀለም ካለ ልጆች እንዳይነኩት ይጠንቀቁ፤ በቀድሞ ዘመን ቀለም ውስጥ እርሳስ ይጨመር ነበር።

ከዚያ ወደ ጉም ማስጠንቀቂያው ቤት ይሂዱ። መብራት ጉምን ዘልቆ አይሄድም፤ በዚያን ጊዜ መርከቡን የሚደርስለት ድምፅ ነው። በቦስተን ወደብ በ1719 ለዚህ ሥራ መድፍ ተተክሎ ነበር፤ በኋላ ደወል፣ የእንፋሎት ፊሽካና ኃይለኛ ጥሩምባ ተከተሉ። አንዳንዱ መሣሪያ ዛሬም በሥራ ላይ ሲሆን ያለ ማስጠንቀቂያ ሊጮኽ ስለሚችል፣ ምልክት ከተለጠፈ በጥሩምባው አፍ ፊት ለፊት አይቁሙ፤ ሕፃን ይዘው ከሆነ ደግሞ ይራቁ።

በመኖሪያው ቤት በኩል ሲያልፉ የጣሪያውን አሸንዳ በዓይንዎ ይከተሉ። ብዙውን ጊዜ የሚያመራው ከመሬት በታች ወደ ተሠራ የውኃ ማጠራቀሚያ ነው፤ በድንጋያማ ደሴት ላይ የሚኖር ቤተሰብ የሚጠጣው የዝናብ ውኃ ነበርና። ጠባቂዎች ሌሊቱን በተራ ነቅተው መብራቱን ይከታተሉ ስለ ነበር በአንድ ግቢ ሁለትና ሦስት ቤተሰብ መኖሩ የተለመደ ነው። ይህ ሥራ በዓለም ዙሪያ ቀስ በቀስ ለማሽን ተላልፏል፤ በብሪታንያ የመጨረሻው ባለ ጠባቂ ማማ ኖርዝ ፎርላንድ በ1998 ወደ አውቶማቲክ ተዛውሯል። አሮጌ መኖሪያ ቤቶች ዛሬ ሙዚየም ወይም የእንግዳ ማረፊያ የሆኑበት ቦታ ብዙ ስለሆነ፣ ማደር የሚቻል መሆኑን ይጠይቁ፤ ማደር ከተቻለ የምሽቱ ክፍል እጅግ ይቀልልዎታል።

5. ማማውን ከውጭ

ከመውጣትዎ በፊት አንድ ዙር ይዙሩት። ቀለሙ ለጌጥ ብቻ የተቀባ አይደለም። ቀን ላይ መርከበኛው የትኛው ማማ ፊት እንደ ሆነ የሚለየው በቀለሙ ነው፤ የኬፕ ሃተራስ ጥቁርና ነጭ ጠመዝማዛ መስመር በዚያው ዳርቻ ካሉት ሌሎች ማማዎች እንዲለይ የተደረገ ነው። ከዚህ ማማ ጋር በተያያዘ ሌላም የሚታይ ነገር አለ፤ በ1870 ሲሠራ ከባሕሩ ርቆ የነበረ ቢሆንም ዳርቻው እየተሸረሸረ ስለ ቀረበው፣ በ1999 ሳይፈርስ እንዳለ በሐዲድ ላይ እየተገፋ 880 ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ተዛውሯል።

የግንቡም ዕድሜ ከውጭ ብቻ አይፈረድም። በስፔን ኮሩኛ ከተማ ያለው የሄርኩለስ ማማ ውጫዊ ግንቡ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሲሆን ውስጡ የሮማውያን ዘመን ሥራ ነው፤ በ2009 በዩኔስኮ የተመዘገበው ይህ ማማ እስከ ዛሬ ያበራል። እንዲህ ላለው ሕንፃ ከሥሩ ያለውን የቁፋሮ ክፍል ሳያዩ ወደ ላይ አይውጡ።

እዚሁ ቆመው መብራቱ ምን ያህል እንደሚታይ ማስላት ይችላሉ። የመብራቱን ከፍታ በሜትር ወስደው ካሬ ሥሩን በ2.08 ያባዙ፤ ውጤቱ በባሕር ማይል ይሆናል። የተመልካቹንም የዓይን ከፍታ በዚሁ መንገድ አስልተው ይደምሩ። መብራቱ ከባሕር ወለል 49 ሜትር፣ መርከበኛው ደግሞ 4 ሜትር ላይ ከሆኑ 14.56 እና 4.16 ተደምረው 18.7 የባሕር ማይል ገደማ፣ ማለትም ወደ 35 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከዚያ በላይ መብራቱ የቱንም ያህል ቢበረታ የምድር ክብነት ይጋርደዋል።

6. ደረጃውን መውጣት

በጠመዝማዛ ደረጃ ላይ እርከኑ በግድግዳው በኩል ሰፊ፣ በመሃሉ በኩል ጠባብ ነው። ሲቻል በሰፊው በኩል ይሂዱ፣ አንድ እጅዎንም ከመደገፊያው አያንሡ። ሲወጡ በየማረፊያው ቆመው የሚወርዱትን ያሳልፉ፤ በእርከኖቹ መካከል መተላለፍ አደገኛ ነው። ከፍታ የሚያዞርዎት ከሆነ ዓይንዎን ከፊትዎ ባለው እርከን ላይ ያድርጉ እንጂ በርብራቡ ቀዳዳ ወደ ታች አይመልከቱ። ጉልበትን የሚፈትነው መውጣቱ ሳይሆን መውረዱ ስለሆነ ለመውረጃው አቅም ያስቀሩ።

በማማው መሃል ከላይ እስከ ታች ባዶ የሆነ ቦታ ካለ፣ በብዙ ማማዎች ውስጥ ይህ የክብደት መውረጃ ነው። እንደ ግድግዳ ሰዓት ሁሉ ሌንሱን የሚያዞረው ቀስ እያለ የሚወርድ ክብደት ስለ ነበር፣ ጠባቂው በሌሊት በየጥቂት ሰዓቱ መልሶ ይጠቀልለው ነበር። የእርከኖቹ ጠርዝ የት ላይ እንደ ተበላም ይመልከቱ፤ እግር የሚበዛበትን መስመር ያሳያል።

ወደ ሰገነቱ ሲወጡ በሩን በእጅዎ ይዘው ይክፈቱ፤ ነፋሱ ነጥቆ ሊዘጋውና ጣት ሊያደቅ ይችላል። ስልክና መነጽር በማሰሪያ ይያዙ። መብረቅ በቅርብ ከታየ ወይም ነፋሱ ከበረታ አስተናጋጆቹ ሰገነቱን ይዘጋሉ፤ አይከራከሩ።

7. ሌንሱ ፊት

ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ኦጉስታን ፍሬኔል የፈለሰፈው ሌንስ መጀመሪያ በ1823 በኮርዱዋን ተተከለ። ከዚያ በፊት የነበሩት መስታወቶች አብዛኛውን ብርሃን ያባክኑ ነበር። የፍሬኔል ሌንስ በነሐስ ማቀፊያ የተያዙ የብርጭቆ ቀለበቶችና ፕሪዝሞች (ብርሃንን አቅጣጫ የሚያስለውጡ ባለ ማዕዘን ብርጭቆዎች) ስብስብ ነው፤ የመሃሉ ክፍል ብርሃኑን አጥፎ፣ የላይኛውና የታችኛው ደግሞ አንጸባርቀው ሁሉንም በአግድም ወደ ባሕሩ ይልኩታል። መጠኑ በደረጃ የሚመደብ ሲሆን፣ የአንደኛ ደረጃ ሌንስ ከመብራቱ እስከ ብርጭቆው 92 ሴንቲ ሜትር ርቀት አለው፤ ሰው ውስጡ ገብቶ መቆም ይችላል። የፒጅን ፖይንት ሌንስ 1,008 ፕሪዝሞች አሉት።

ሌንሱን በእጅ አይንኩ። ጠባቂዎች ሲያጸዱት የልብሳቸው ቁልፍ እንዳይቧጭረው የበፍታ ሽርጥ ይለብሱ ነበር፣ ቀን ላይ ደግሞ በመጋረጃ ይሸፍኑት ነበር፤ መጋረጃ ከሌለ የፀሐይ ጨረር በሌንሱ ተሰብስቦ እሳት ሊያስነሣ ይችላልና። የብርጭቆዎቹን ጠርዝ በቅርብ ካዩ ጥቃቅን ስብራቶችና አልፎ አልፎ የተለወጡ ቁርጥራጮች ያገኛሉ። ከ1890ዎቹ ወዲህ በተሠሩ አንዳንድ ማማዎች ከባድ ሌንስ በሜርኩሪ ገንዳ ላይ ተንሳፍፎ በቀላሉ ይዞር ነበር፤ የሜርኩሪ ትነት መርዝ ስለሆነ ክፍሉ በመስታወት ከተከለለ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል።

ከመውረድዎ በፊት መሃላቸው እንደ ዓይን የሚያበጡትን ትላልቅ ገጾች ይቁጠሩ፣ ሌንሱ አንድ ዙር ለመዞር የሚፈጅበትን ጊዜም አስተናጋጁን ይጠይቁ። እያንዳንዱ ገጽ አንድ ጨረር ያወጣል። የፒጅን ፖይንት ሌንስ 24 ገጾች ሲኖሩት በ4 ደቂቃ አንድ ዙር ይዞር ስለ ነበር በየ10 ሰከንዱ አንድ ብልጭታ ይሰጥ ነበር።

8. ምሽቱ

ብዙ መናፈሻዎች ፀሐይ ስትጠልቅ ይዘጋሉ። ስለዚህ ቀን ላይ፣ ከአጥሩ ውጭ መብራቱ የሚታይበትን ሕጋዊ ማቆሚያ መርጠው መኪናዎን በሩ ከመዘጋቱ በፊት ያውጡ። አንዳንድ ማማ በየብስ በኩል ያለው መስታወት የተሸፈነ በመሆኑ ከኋላው ቢቆሙ ምንም አያዩም፤ ቦታውን በባሕሩ በኩል ወይም በጎን ይምረጡ። ጨለማ ከወደቀ በኋላ በገደል መንገድ አይሂዱ።

ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ዓይንዎ ጨለማውን እስኪለምድ ሃያ ደቂቃ ያህል ስልክዎን አይመልከቱ። ከዚያ ሰዓቱን ይዘው ከአንዱ ብልጭታ መጀመሪያ እስከ ሚቀጥለው መጀመሪያ ይቁጠሩ፤ ብልጭታዎቹ በቡድን የሚመጡ ከሆነ ከቡድን መጀመሪያ እስከ ቡድን መጀመሪያ ይለኩ። ኬፕ ሃተራስ በየ7.5 ሰከንዱ ይበራል። ብርሃኑ ከጨለማው ካጠረ ብልጭታ፣ ከጨለማው ከረዘመ ጠፊ፣ ሁለቱ እኩል ከሆኑ ደግሞ ባለ እኩል ጊዜ መብራት ይባላል። ሁለት ማማዎች አጠገብ ለአጠገብ ሲሆኑ ጊዜያቸው የሚለያየው መርከበኛው በስሕተት አንዱን ለሌላው እንዳይወስድ ነው። ጥቂት ሜትሮች ወደ ጎን ሲሄዱ ነጩ ብርሃን ወደ ቀይ ከተለወጠ፣ ቀዩ ወገን ብዙውን ጊዜ በባሕሩ ላይ አደገኛ ቋጥኝ ያለበትን አቅጣጫ ያመለክታል፤ ከቀትር በኋላ በመነጽር ካዩት አረፋ ጋር ያመሳክሩት።

የለኩትን ጊዜ የባሕር ኃይሎችና የጠረፍ ጥበቃ መሥሪያ ቤቶች ከሚያሳትሙት የመብራት ዝርዝር ጋር ያነጻጽሩ። ሦስት ጊዜ ለክተው ካልገጠመ፣ አጠገቡ ያለ ሌላ መብራት እየቆጠሩ እንዳይሆን አቅጣጫውን እንደገና ያረጋግጡ፤ ያም ካልሆነና ማማው በሥራ ላይ ከሆነ፣ መብራቱ ተበላሽቶ ሊሆን ስለሚችል ለጠረፍ ጥበቃው ስልክ ደውለው ያሳውቁ።